በስልክ የሚደመጥ ሞተር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ይድረስ ርቀት ላላስረሳኝ ባለቤቴ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም። አሁን በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የጎረቤትን ድመት ይሰድባሉ። ድመቷም ለምዳዋለች፤ ጥጓን ይዛ ታዳምጣቸዋለች።

የላክኸው ቅጽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሦስቱንም ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከላዩ ያያዝከውን ማስታወሻም አነበብኩ። "ፍቺው ለወረቀት ብቻ ነው። እዚህ ዜግነት ካላት ሴት ጋር በወረቀት ካልተጋባሁ የመኖሪያ ፈቃዴ አይታደስም። ፈቃዱ እጄ ሲገባ እሷን ፈትቼ እመጣና እንደገና አገባሻለሁ። ሁለተኛ ሠርግ እንደግሳለን" ብለሃል። ሠርጉን እንኳን አለመርሳትህ ደግ ነው።

ዋናው ቅጽ ከነፊርማው በፖስታ መመለስ አለበት ስላልክ፣ ፖስታው ሦስት ገጽ ብቻ ይዞ ያን ሁሉ መንገድ ከሚሄድ ይህንንም ይያዝ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ለፊርማዬ ምስክር የሚሆነኝ የመኪናዬ መካኒክ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። እስከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል አለኝ። የሥራ ጠረጴዛዬን ጀሶ ጠርጌ፣ ለአንድ ጡረተኛ ዳኛ የምሠራቸውን የላይኛ ሰው ሠራሽ ጥርሶች አጠገቤ አስቀምጬ ተቀምጫለሁ። በስልክ ሁልጊዜ "ባጭሩ" ትለኛለህ፤ ዛሬ ግን ባጭሩ አልነግርህም። መፈረም አለመፈረሜን መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ። ዘለህ እንዳታነብ ብልህም ዘለህ እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ካነበብክ በኋላ ግን እባክህ ወደዚህ ተመለስ።

መኪናዋን ስንመርጥ ትዝ ይልሃል? "ስንመርጥ" ያልኩት እኔ በእግሬ፣ አንተ በስልክ ማለቴ ነው። ለሁለት ዓመት ብለህ ከሄድክ ገና ስምንት ወርህ ነበር። እኔ ከአምስት ጥርስ ሐኪሞች ጋር መሥራት ጀምሬ፣ የሰው ድድ ልክ በፌስታል ይዤ ከታክሲ ታክሲ ስዘል ነፍሴ ወጥታ ነበር። ሐኪሙ የአፍ ልክ የሚወስድበት ነገር ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ጀሶ ካልፈሰሰበት ይኮማተራል፣ ከተኮማተረ ደግሞ ጥርሱ አይገጥምም። በሰም ላይ የደረደርኩት ጥርስም ሙቀት አይችልም። አንድ ቀን ሞተሩ ከሥሩ ያለበት የታክሲ መቀመጫ ደረሰኝና ሳጥኑን አጠገቤ አኖርኩት። ስደርስ የአንድ መምህር የፊት ጥርሶች ወደ ጎን ዞረዋል። እንደዚያው ቢገጠሙለት ኖሮ ሲስቅ ጎረቤቱን የሚያይ ሰው ይሆን ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ሠራሁት።

ያን ጊዜ ነው "ቮልስ ግዢ" ያልከኝ። ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታው ከፊት ነው፣ ሰምሽ አይቀልጥም አልክ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ፣ መንገድ ላይ የሚፈላ ነገር የለ። አሮጌ ቢሆንም ለየቀኑ መንጃ እናደርገዋለን፣ እኔ ስመጣ ከላይ እስከ ታች አስተካክለዋለሁ አልክ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራህ። ስለ እኔ ያን ያህል አውርተህ የምታውቅ አይመስለኝም። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ "ስመጣ" የምትለዋን ቃል ስንቴ እንዳልካት እየቆጠርኩ ነበር የምሰማህ።

ሦስት አየሁ። የመጀመሪያዋ ቀለሟ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በነገርከኝ መሠረት ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ጎኗ ላይ አስኬድኩት፤ በሩ ሥር ሲደርስ ዱብ አለ። ላሜራውን ዝገት ጨርሶት በስቱኮ ነበር የተሞላው። የሁለተኛዋን ምንጣፍ ሳነሳ አስፋልቱን አየሁት። ሻጩ ምንም ሳያፍር "አየር ታስገባለች" አለኝ። ሦስተኛዋ ግራጫዋ ናት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች ባለቤቷ። "የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚዞርበትን የብረት መንኮራኩር ያዢና ሳቢው፣ ከዚያ ግፊው" አልከኝ። በሥራ ቀሚሴ ተንበርክኬ ሳብኩ፣ ገፋሁ።

"ይላወሳል?"

"አይላወስም።"

"እስቲ ስልኩን አስጠጊልኝ።"

አስጠጋሁልህ፤ አዋላጇም ሞተሩን አስነስታ አሰማችህ። "በቃ፣ እሷ ናት" አልክ። መጀመሪያ ቀን አይተኸኝ ቤትህ ስትገባም እንደዚሁ ነበር አሉ ያልከው፤ እናትህ ናቸው የነገሩኝ።

ከዚያ ዝርዝርህ መጣ። "እኛ ጋ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ሞተሩ መተንፈስ አለበት" ብለህ ሦስት ነገር አዘዝክ። የሞተሩ ክዳን ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ እንዲቀር በብረት ይደገፍ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ክፈፍ ይውጣ። የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ይውለቅ፣ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ዝርዝሩን ይዤ ጆሮ ወደሚሉት መካኒክ ሄድኩ። ጆሮ የተባለው ምንም ሳይከፍት በሽታውን በድምፅ ስለሚያውቅ ነው።

"እህቴ፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም" አለኝ አንብቦ ሲጨርስ። "ጎማው ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም እኮ። ከሥር ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ እንዳይመለስ ነው የሚከለክለው።"

"ባሌ ነው ያለው።"

"ባልሽ መካኒክ ነው?"

"ካርታ ነው የሚሠራው። ግን ብዙ ያነባል።"

"ካርታ" አለና መፍቻውን አነሳ። ያልከውን ሁሉ አደረገው።

እውነቱን ልንገርህ? ልክ እንዳልሆነ በዚያችው ደቂቃ ገብቶኝ ነበር። ግን አንተ ያዘዝከው ነገር መኪናዋ ላይ ሲኖር እዚህ ያለህ ይመስለኛል። ባሏ የራቀባት ሴት ኮቱን ታሸታለች አሉ፤ እኔ የተከፈተ የሞተር ክዳን እያየሁ እጽናና ነበር። ጎረቤቶች "መኪናሽ አፏን ከፍታ ነው የምትሄደው" እያሉ ሲስቁብኝ አብሬ እስቅ ነበር።

እሑድ እሑድ ማዳመጥ የጀመርከው ያኔ ነው። ከቁርስ በኋላ ግቢ ውስጥ አስነስቼ ስልኩን ከክዳኑ ሥር እይዝልሃለሁ። "ነዳጅ በዝቶባታል" ትላለህ፤ "ቺንጋዋ ላልቷል" ትላለህ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነበር። እናትህ ተራቸውን ሲጠብቁ "ከእኔ ይልቅ ጭሷ ነው የናፈቀው" ይሉ ነበር። ሁለት ዓመቱ ሦስት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ አሁን ሰባት ሊሞላ ነው። እሑዱ አልቀረም፤ ግማሽ ሰዓቱ ግን ዐሥር ደቂቃ ሆነ፣ "ድምፅዋ ጥሩ ነው" የምትላትም ቃል ሞተሩ ሳይነሳ ቀድማ የምትመጣ ሆነች።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት፣ በአንዱ እሑድ ነው። እንደ ልማዴ ስልኩን አስጠግቼ ቆሜያለሁ። አንተ ምንም አላልክም፤ እያዳመጥክ መስሎኝ ነበር። ክንዴ ሲዝል ሞተሩን አጠፋሁና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ስልኩን አስቀምጠህ ሄደሃል። ሰሐን ይንኳኳል፣ ውሃ ይፈሳል፣ ሴት ትስቃለች። ከዚያ ያንተ ድምፅ ከሌላ ክፍል፣ በገዛ ቋንቋችን፣ "ቀስ ብለህ አላምጥ የኔ ጌታ፣ ማንም አይቀማህም" አለ። ሕፃኑም አፉ እንደ ሞላ "እሺ አባዬ" አለ።

ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም። ከዚያ ተመልሰህ ስልኩን አነሳህና "ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ምንም የላትም" አልከኝ። ሞተሩ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩህ፤ ዘጋህ።

አልጠየቅኩህም። ትዋሸኛለህ ብዬ ሳይሆን እውነቱን ትነግረኛለህ ብዬ ነው የፈራሁት። ሆድ ይፍጀው አልኩ። በማግሥቱ ሰኞ ነበር፤ ሰው ጥርሱን ይጠብቃል፣ ሥራዬን ሠራሁ። በሚቀጥለው እሑድም ደወልክ፣ እኔም አስነሳሁልህ። ከዚያ ወዲህ ግን አንተ ራስህ "በቃ" እስክትል ድረስ ሞተሩን አጥፍቼ አላውቅም። ቀድሜ አጥፍቼ ያን ቤት ሁለተኛ መስማት አልቻልኩም።

ወር ሳይሞላ መኪናዋ ዳገት ላይ ማንከስ ጀመረች። እየተንፈቀፈቀች ጆሮ ጋ ደረስን። ሞተሩን አውርዶ ከፈታ በኋላ አንዱን ቫልቭ አሳየኝ፤ ጠርዙ ተቃጥሎ ተቆርሷል። ያን ሁሉ ዓመት የራሷን ትኩስ አየር መልሳ እየሳበች ኖራለች።

"ይሄ ድንገት የመጣ አይደለም" አለኝ። "ወር ሙሉ ጮኻለች። የሚሰማት ሰው ቢኖር ይሰማት ነበር።"

እንባዬ መጣ። ጆሮ ስለ ቫልቩ ያለቀስኩ መስሎት "ይቀየራል እህቴ፣ ይቀየራል" እያለ በዘይት እጁ ወንበር አቀረበልኝ። ተቀመጥኩና ቀሚሴን አበላሸሁት።

ያን ጊዜ ዝርዝርህን አንድ በአንድ አስፈታሁት። ጎማው ተመለሰ፣ ቴርሞስታቱ ተመለሰ፣ ክዳኑ ተዘጋ። ጆሮ ደግሞ የራሱን ጨመረ። ስድስት ቮልት የነበረውን ኤሌክትሪክ ወደ ዐሥራ ሁለት ለወጠው፤ ድሮ መብራቷ ከሻማ አይሻልም ነበር። የፊት ፍሬኗን አጠንክሮ ቀየረው። ከፊት ለጥርስ ሳጥኖቼ በወፍራም ጨርቅ የተለበጠ መደርደሪያ ሠራልኝ። አሁን በእርግጥ የየቀን መኪና ሆናለች፤ አምስቱንም ሐኪሞች ዞሬ ሰሙ ሳይላላ እመለሳለሁ። እንዳይከፋህ ብዬ አልነገርኩህም። እሑድ እሑድ በተዘጋ ክዳን ሳሰማህ ግን ልዩነቱን ታውቀዋለህ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላወቅከውም።

ቫልቯን በየጊዜው የማስተካክለው እኔ ነኝ። ሞተሩ አድሮ በደንብ መቀዝቀዝ ስላለበት ሥራ ከመግባቴ በፊት ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ እተኛለሁ። ስስ መለኪያ ብረት አስገብቼ በጣቴ እሰማዋለሁ፤ ከጠበቀ አላላለሁ፣ ከላላ አጠብቃለሁ። የላይና የታች ጥርስ ሲገጣጠም ከምለካው ብዙ አይለይም። አንድ ቀን ጆሮ ከኋላዬ መጥቶ ደግሞ ለካና ምንም ሳይል ሄደ። እሱ ዝም ካለ ምስጋና ነው። ኩራት ይዞኝ "ለማን ልንገር" ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የመጣህብኝ አንተ ነህ። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ እሱ ነው።

ወደዚህ ሳምንት ልምጣ። ረቡዕ፣ ቅጹ በደረሰ ማግሥት፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ስረግጥ መቀመጫዬ ከነእኔ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የሚይዘው ሐዲድ አልቆ ኖሯል። እግሬ ከፍሬኑ ላይ ተነሳ፣ መሪውን በጣቴ ጫፍ ብቻ እንደያዝኩ ቁልቁል መሄድ ጀመርን። እናትህ ከኋላ ሆነው የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ባይስቡት ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ አልነበረም። "መንዳትሽን ተዪና ጥርስሽን ሥሪ" አሉኝ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይለቁ።

ሐሙስ ጆሮ አየውና ሁለት ምርጫ ሰጠኝ።

"አዲስ ሐዲድ ላስመጣልሽ እችላለሁ፤ ይቆያል። ወይ ደግሞ በልክሽ ወደ ፊት አስጠግቼ እበይደዋለሁ፣ ሁለተኛ ንቅንቅ አይልም። ሌላ የሚነዳት ሰው አለ?"

አፌን ከፈትኩ። "ባሌ" ልለው ነበር፤ ስንት ዓመት ለሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። አንተ እግረ ረዥም ነህ፤ እዚያ ቦታ ከተበየደ ጉልበትህ ከመሪው ሥር አይገባም።

"የለም" አልኩት።

"ብየዳ ነው እህቴ። ኋላ በመፍቻ የሚፈታ አይደለም።"

"ገባኝ። በይደው።"

መነጽሩን አጠለቀ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆምኩ፤ እሳቱ ዓይን ይጎዳል።

ሐሙስ ከሰዓት እናትህን ሐኪም ቤት ልወስዳቸው ስል መቀመጫውን አዩት። ክንዳቸውን በመቀመጫውና በመሪው መካከል አስገብተው ለኩ።

"ልጄ ሲመጣ ጉልበቱን የት ሊያደርገው ነው?"

"ከኋላ ይቀመጣል፣ እማማ።"

"ከኋላ እኮ እኔ ነኝ የምቀመጠው።"

ከኋላ አስገባኋቸውና ሞተሩን አስነሳሁ። እሳቸው ሲሄዱም ሲመለሱም ከኋላ ሆነው በመስኮቱ ያዩ ነበር። "ፊት የባልና የሚስት ነው" ስለሚሉ ፊት ተቀምጠው አያውቁም። ትናንት ጠዋት ግን የፊቱን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ። የጥርስ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው "ንጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ" አሉኝ። ስለ ቅጹ አልነገርኳቸውም። የምነግራቸው የቀረ ነገር ያለም አይመስለኝም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። እፈርማለሁ።

አምኜህ አይደለም። "ለወረቀት ብቻ" የምትለዋን አንተም አላመንካትም፤ ሦስት ቦታ ላይ ደጋግመህ ጽፈሃታል። "ልጅ አለኝ" ብትለኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፣ እሰድብህም ነበር፣ ቀን ሲያልፍ ደግሞ "ስንት ዓመቱ ነው?" ብዬ እጠይቅህ ነበር። የከፋኝ ሌላ ቤት መሥራትህ ብቻ አይደለም። እኔን ሞተር ሥር ስልክ አስይዘህ ማቆምህ ነው የከፋኝ። እየሰማኸኝ መስሎኝ ስንት እሑድ ክንዴ እስኪዝል ቆምኩ።

ለልጁ ብዬ ነው የምፈርመው ብልህ ደግነት ይሆንልኛል። እሱም አይደለም። ደክሞኝ ነው። ተስፋ ማድረግ ሁለተኛ ሥራ ሆኖብኝ ነበር፤ ከጥርሱ ሥራ ይልቅ እሱ ነው ያስረጀኝ። ከዚህ በኋላ ይሻለኛል ብዬም አልጽፍልህም፤ አይመስለኝም። ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አስነስቼ ሥራ እሄዳለሁ። ከዚያ ያለፈ የማውቀው ነገር የለም።

ስለ እናትህ ሐሳብ አይግባህ። ቅጹ ስለ ልጅ ይጠይቃል፣ ስለ ቤት ይጠይቃል፣ ስለ ንብረት ይጠይቃል፤ ስለ እናት ግን አንድም መስመር የለውም። ስለዚህ እሳቸው ከእኔ ጋር ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን በራሳቸው ስልክ ደውልላቸው። በግራ ጆሯቸው ብዙም አይሰሙም፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ። ሞተሩን ከእንግዲህ አላሰማህም።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ። በሰው አገር ከክፉ ነገር ይሰውርህ፣ የፈለግከውንም ፈቃድ ያስጨብጥህ። ለልጁ ዕድሜ ይስጠው። እናትየውንም ክፉ አይንካት፤ አላውቃትም፣ ምን እንደነገርካትም አላውቅም።

የግቢው በር ተንኳኳ፤ ጆሮ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። እናትህ እየከፈቱለት ነው፣ ጫማህን ጥረግ ሲሉት ይሰማኛል። የምጨምረው ብዙ ነበረ፣ ይቅር።

ቅጹ ላይ ከፈረምኩ በኋላ ይህን ደብዳቤ ምን ብዬ እንደምፈርመው ከጠዋት ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ጆሮ ዘይት የነካ እጁን እስኪታጠብ ትንሽ ጊዜ አለኝ። ደብዳቤውን ቀድሜ እፈርማለሁ።

ባለቤትህ